ኪሎ ሜትር ያልቆጠረው ዳገት፦ የደብረ ብርሃን ጭነት ስምሪት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደብረ ብርሃን ከሚገኘው መጋዘናችን ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሳሙና ጭነው በሰሜን ሸዋ ከተሞች ላሉ ባለሱቆች የሚያደርሱ ስድስት አይሱዙዎች አሉን። ስምሪቱን እስካሁን የሚያወጡት አጎቴ ናቸው፤ ማታ ማታ የየከተማውን ትእዛዝ በደብተር ይደረድሩና የትኛው መኪና ማንን አስቀድሞ ማንን እንደሚያስከትል ይወስናሉ። ለዓመታት የሠሩበት በመሆኑ ብዙውን ጊዜ አይሳሳቱም። ሆኖም በሚያዝያ ወር ታመው አንድ ሳምንት በተኙበት ጊዜ ደብተሩን የተረከብነው ሰዎች ሁለት መኪኖችን ግማሽ ግማሽ ጭነት አስይዘን በአንድ ቀን ወደ ደብረ ሲና ላክን፤ በዚያው ቀን እነዋሪ ያሉ ደንበኞቻችን ሲጠብቁ ዋሉ። እርሳቸው በአእምሯቸው ይዘውት የኖሩትን ነገር ሌላ ሰው ሊያየውና ሊሠራበት በሚችል መልክ ማስቀመጥ እንዳለብን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጆርጅ ዳንዚግና ጆን ራምሰር ቤንዚን ከማከማቻ ወደ ማደያዎች የሚያደርሱ ቦቴዎችን ስምሪት በሒሳብ መልክ አቅርበው በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ መኪኖቹ ከአንድ መጋዘን ተነሥተው፣ የመጫን አቅማቸውን ሳያልፉ፣ ደንበኛውን ሁሉ አዳርሰው በአነስተኛ ወጪ ይመለሱ። ነገር ግን አንድ መኪና 12 ቦታ ብቻ ቢያዳርስ እንኳ ቅደም ተከተሉ በ479,001,600 ዓይነት መንገድ ሊደረደር ይችላል፤ ስድስት መኪናና ከዚያ የበዛ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ሁሉን እየሞከሩ መምረጥ ለኮምፒውተርም የማይቻል ይሆናል።

ግንቦት 9 ቀን

መጀመሪያ የመረጥኩት ክላርክና ራይት በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጡትን የቁጠባ ዘዴ ነው፤ በወረቀት ላይ ሊሰላ ስለሚችልና አጎቴም ሒሳቡን ተከታትለው ሊያርሙኝ ስለሚችሉ መረጥኩት። ዘዴው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መኪና ደርሶ መልስ እንደሚሄድ አድርጎ ይጀምራል። ቀጥሎ ሁለት ደንበኞች በአንድ ጉዞ ቢያያዙ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚተርፍ ይጠይቃል፤ ይህም ከመጋዘን እስከ አንዱ ያለውን ርቀትና ከመጋዘን እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ደምሮ በሁለቱ መካከል ያለውን በመቀነስ ይገኛል። ብዙ የሚያተርፉት ጥንዶች በቅድሚያ ይያያዛሉ።

ለሙከራ ያህል የከተሞቹን ርቀት ከካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ለካሁ። ውጤቱ ሸዋ ሮቢትንና መሐል ሜዳን በአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን አያያዛቸው። አጎቴ ወረቀቱን ሲያዩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ይህ መኪና ክንፍ አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ስሕተቱን ቁጭ ብዬ መረመርኩት። በቀጥታ መስመር ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት 54፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ 42፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን 71 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠቅላላው 167 ይሆናል፤ ለአንድ ቀን የማይከብድ ጉዞ ይመስላል። መኪኖቻችን በሚሄዱበት መንገድ ግን ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸዋ ሮቢት መሐል ሜዳ ወዳለበት ወደ መንዝ ለመሄድም ተራራው ላይ ወዳለው ጣርማበር ተመልሶ ወጥቶ ከዚያ መታጠፍ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ገደል በካርታው ላይ አይታይም። በዚህ መሠረት ዙሩ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ ከፊሉም ጭነት ይዞ ቶሎ የማይኬድበት መንገድ ነው።

ያስገረመኝ ቁጠባው ራሱ ሐሰት አለመሆኑ ነው። ሁለቱም ጉዞዎች እስከ ጣርማበር ያለውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሚጋሩ፣ ብናያይዛቸው በእውነትም መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይተርፋል። የተሳሳተው ቀኑ ነው፤ ያ ጉዞ በአንድ ሾፌር የሥራ ቀን ውስጥ አያልቅም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዋናው ሥራዬ ስልተ ቀመሩን፣ ማለትም የስሌቱን አሠራር፣ ማሻሻል መሆኑ ቀርቶ የሚመገበውን የከተሞች የእርስ በርስ ርቀት ሰንጠረዥ እውነተኛ ማድረግ ነው።

ግንቦት 21 ቀን

የመንገድ ርቀትና ጊዜ የሚያወጣልኝ ኦኤስአርኤም የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫንኩ፤ ካርታውን የሚወስደው ሰዎች በፈቃደኝነት ከሚሞሉት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። በአንድ ጥያቄ የሁሉንም ከተሞች የእርስ በርስ ርቀት በሰንጠረዥ ይመልሳል። ርቀቱ ከመኪኖቹ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ጋር በጣም ተቀራረበ።

ጊዜው ግን ከእውነቱ በጣም የራቀ ነበር። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው የፍጥነት ዝርዝር ለቤት አውቶሞቢል የተሠራ ሲሆን ለዋና አውራ ጎዳና በሰዓት 85፣ ለአንደኛ ደረጃ መንገድ 65፣ ለሁለተኛ ደረጃ 55 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ዳገትና ቁልቁለትን ከነጭራሹ አይቆጥርም። የጫነ አይሱዙ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየተፈራረቀ የሚሄድ ስለሆነ በዚያ ቦታ 85 የሚለው ቁጥር ትርጉም የለውም።

ሰኔ 3 ቀን

ይህን ሳምንት ሙሉ ከፍታ ላይ ሠራሁ፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ ይበልጥ የምወደውም ይህ ክፍል ሆኗል።

የከፍታ መረጃውን የወሰድኩት በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከተለካው የዓለም ከፍታ መዝገብ ነው፤ መሬትን 30 ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ካሬዎች ይከፍላል። ለሜዳ ይበቃል። ገደል ዳር ለሚሄድ መንገድ ግን አንዱ ካሬ መንገዱን ሳይሆን ገደሉን ይዞ ስለሚገኝ፣ መኪናው በጥቂት ሜትር ውስጥ መቶ ሜትር ወርዶ መቶ ሜትር የወጣ ይመስላል። በመጀመሪያው ስሌት ከደብረ ሲና እስከ ጣርማበር ያለው ድምር ዳገት የማይታመን ቁጥር የሰጠኝም በዚህ ምክንያት ነበር። የየነጥቡን ከፍታ ከፊትና ከኋላው ካሉት ነጥቦች ጋር አማካይ አድርጌ ሳስተካክለው ጉብጠቱ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የዳገቱን ዋጋ በናፍጣ አሰላሁት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ልዩነቱን 1,900 ሜትር ብዬ ያዝኩ። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን አይሱዙ ያን ያህል ከፍ እንዲል 8,000 በ9.8፣ ያም በ1,900 ሲባዛ 149 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይዟል፤ ከዚህ ውስጥ ሞተሩ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሲሶውን ገደማ ነው። ስለዚህ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ፣ የጎማንና የንፋስን ተቃውሞ ሳንጨምር፣ 12 ሊትር ያህል ይቃጠላል። ባዶውን 3 ቶን ተኩል የሚመዝን ከሆነ ለዚያው ዳገት 5 ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። በቁልቁለቱ ይህ ጉልበት ተመልሶ አይገኝም፤ በፍሬንና በሞተር ፍሬን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

የሁለት ቀን ጉዞ ብናደርገው እንኳ የሸዋ ሮቢትና የመንዝ ዙር በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጀመር ለውጥ ያመጣል የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ይህን ሒሳብ ስሠራ ነው። በኪሎ ሜትር ሲታይ ከግራም ቢጀመር ከቀኝ ያው ነው። በጭነት ሲታይ ግን መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት ከወረድን የመንዝን 25 ኩንታል ይዘን ወደ ቆላ ወርደን እንደገና ተሸክመነው ወደ ጣርማበር እንወጣለን፤ ይህ ብቻውን 4 ሊትር ያህል ናፍጣ ያለ ሥራ ያቃጥላል። መንዝን አስቀድመን ሸዋ ሮቢትን መጨረሻ ካደረግን መኪናው ትልቁን ዳገት የሚወጣው ባዶውን ነው። ለአጎቴ ስነግራቸው አልተደነቁም፤ «መንዝ ይቅደም እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ። የደብተሩን የቆዩ ገጾች ገልጬ አየሁ፤ እውነትም ሁልጊዜ መንዝ ይቀድማል። ምክንያቱ ብቻ በየትም አልተጻፈም ነበር።

ከዚህ በመነሣት በሰንጠረዤ ውስጥ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው መሄድና ከዚያ መመለስ የተለያየ ዋጋ አላቸው፤ ዋጋውም በዚያ ሰዓት መኪናው ላይ ባለው ኩንታል ይለዋወጣል።

ሰኔ 15 ቀን

በስድስቱም መኪኖች ላይ የጂፒኤስ መሣሪያ ተገጠመ። በየ30 ሴኮንዱ ቦታንና ፍጥነትን እየመዘገቡ በስልክ መስመር ወደ ሰርቨራችን ይልካሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ችግሮች ታዩ፤ ሦስቱም የሚታረሙ ነበሩ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። መሣሪያው የሚመዘግበው በግሪንዊች አቆጣጠር ነው፤ ሾፌሮች በርክክብ ወረቀት ላይ የሚጽፉት በእኛ ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያሳየው ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ የአገራችንን ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የተራገፈ ጭነት በመዝገባችን ሌሊት የተራገፈ መስሎ ታየ። አገራችን ክረምት ከበጋ ሰዓቷን ስለማትቀያይር መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ከግሪንዊች ሰዓት ላይ 3 ሲቀነስ የሾፌሩ ሰዓት ይወጣል። ሁሉንም በግሪንዊች አስቀምጬ በሚታይበት ቦታ ብቻ እቀይራለሁ።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። መስመር በሚጠፋባቸው ቦታዎች መሣሪያው መረጃውን አጠራቅሞ ይይዝና መስመር ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ሰርቨሩ መልእክቶቹን በደረሱበት ቅደም ተከተል ሲያነባቸው፣ ደብረ ብርሃን የገባ መኪና በድንገት ወደ ሞላሌ የተመለሰ ይመስል ነበር። አሁን የሚነበቡት በተመዘገቡበት ሰዓት ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የዘገየ መረጃ ለታሪክ ይቀመጣል እንጂ ለስምሪት ውሳኔ አይገባም።

ሦስተኛው የጣርማበር ዋሻ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው ይህ ዋሻ ውስጥ የሳተላይት ምልክት ስለማይገባ መሣሪያው መኪናው የቆመ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ነጥቡን ወደ ገደሉ ይጥለዋል። በዋሻው ሁለት አፎች ላይ ወሰን አበጅቼ በመካከሉ ያለውን ንባብ ሁሉ እንዲዘለው አደረግሁ።

ሐምሌ 2 ቀን

የቁጠባ ዘዴውን ትቼ ጉግል በነጻ ወዳቀረበው የኦአር-ቱልስ ማስሊያ ተዛወርኩ። የመኪና አቅም፣ ደንበኛው ሱቁን የሚከፍትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ የሾፌሩ የሥራ ቀን ርዝመት በአንድ ላይ ይገቡበታል። በጭነት የሚለዋወጠውን ዋጋ እንዳለ ማስገባት ስላልቻልኩ መኪናው ሙሉ፣ ግማሽና ባዶ በሆነበት ሁኔታ ሦስት ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ በግምት አቀራርቤዋለሁ፤ የተገኘውንም ስምሪት እንደገና በትክክለኛው ክብደት አስልቼ አወዳድራለሁ። በየማታው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ስምሪት ያወጣል። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምጽፈው የለም፤ ሰንጠረዡ እውነት ከሆነ እርሱ ሥራውን ይሠራል።

ሐምሌ 17 ቀን

ክረምቱ ገብቷል። በጣርማበር ጉሙ ሲወርድ የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ አይታይም፤ ሾፌሮቹ በእግር ሰው ፍጥነት ይሄዳሉ። በደነባና በእነዋሪ በኩል መሬቱ ሜዳ ቢሆንም ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉት ቀበሌዎች ዋልካ አፈር ስለሆነባቸው ከዝናብ በኋላ ጎማ ይውጣል። የሰኔው ሰንጠረዥ ለሐምሌ አይሆንም።

ስለዚህ የዕለቱን ፍጥነት ከራሳቸው ከመኪኖቹ ወስጄ ሰንጠረዡን በየ15 ደቂቃው ማደስ ጀመርኩ። ኦኤስአርኤም መንገዱን የሚያዘጋጅባቸው ሁለት ስልቶች አሉት፤ አንዱ ለመልስ በጣም ፈጣን ቢሆንም ፍጥነት በተቀየረ ቁጥር ረጅም ዝግጅት ይፈልጋል፤ ሌላው በመልሱ ትንሽ ቢዘገይም የተቀየረውን ፍጥነት ብቻ ቶሎ ይቀበላል። ሁለተኛውን መረጥኩ። ከፊት የሄደው መኪና ጉም ውስጥ ሲገባ ከኋላው ያለው ስምሪት ወዲያው ይስተካከላል ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ተሳቢ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው። የእኛ አንዱ መኪና ከኋላው ቆመ። ስልተ ቀመሩ ቆሞ መቅረቱን አይቶ በሚገባ አሰበ፤ ደብረ ሲናን ትቶ ወደ መንዝ እንዲታጠፍና ደብረ ሲናን በመልሱ እንዲያዳርስ ለሾፌሩ ስልክ መልእክት ላከ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንገዱ በአንድ በኩል ሲከፈት ቀድሞ ወደነበረው እንዲመለስ ሁለተኛ መልእክት ላከ። ከዚያም ሦስተኛ።

ማታ ላይ ሾፌሩ መጋዘን ገብተው አገኙኝ። በዕድሜ ከአባቴ የሚበልጡ አንጋፋ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። እጄን ይዘው ወደ መኪናው ኋላ ወሰዱኝና በሩን ከፍተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይህን እየው። የደብረ ሲናው ዘይት በር ላይ ነው፤ የመንዙ ዱቄት ከኋላው ነው። መንዝ ቅደም ስትለኝ ዘይቱን የት ላውርደው? ዝናብ ላይ?» አሉኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ጭነቱ በማለዳ በስምሪቱ ተራ ከተደረደረ በኋላ ተራውን መቀየር ማለት ጫኝና አውራጅ ቀጥሮ መንገድ ላይ እቃ ማገላበጥ ማለት ነው። የእኔ ሒሳብ ይህን ያለ ምንም ዋጋ እንደሚሆን ነገር ይቆጥረው ነበር። ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ እዚህም የጻፍኩት የሚቀጥለው ሰው ከእኔ ቀድሞ እንዲያውቀው ነው።

ነሐሴ 6 ቀን

ሦስት ሕግ አወጣሁና ለሦስት ሳምንት ሠራንበት። መኪናው እየሄደበት ያለው ቀጣይ ከተማ በምንም ምክንያት አይቀየርም። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ የሚቀየረው ለውጡ ከ40 ደቂቃ በላይ የሚያተርፍ ሲሆን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መገላበጥ ላለበት ኩንታል ደግሞ አንድ ደቂቃ ተኩል ይታሰባል፤ ቁጥሩን ያገኘሁት ሦስት ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ወዛደሮቹ ሲጭኑና ሲያወርዱ ሰዓት ይዤ ነው። የመንገድ ላይ ለውጥ በቀን ከአሥር በላይ የነበረው አሁን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሆኗል፤ የሚመጣውንም ሾፌሮቹ ይቀበሉታል።

መንገድ መዘጋቱን በተመለከተ ከጂፒኤስ የሚገኘው ወሬ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ሆኖ አገኘሁት። ቆሞ ያለ መኪና ምሳ እየበላ ይሁን፣ ኬላ ላይ ወረቀት እያስፈተሸ ይሁን፣ ወይም ከፊቱ ናዳ ወርዶ ይሁን መሣሪያው አይለይም። ስለዚህ ለሾፌሮቹ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት አበጀሁላቸው፤ «ዝግ» እና የቦታውን ስም ከላኩ ያ መንገድ እስኪከፈት ድረስ ከሰንጠረዡ ይወጣል። በጽሑፍ መልእክት የሆነበት ምክንያት ኢንተርኔት በማይሠራበት ቦታም ብዙ ጊዜ የሚያልፈው እርሱ ስለሆነ ነው። አንድ ሾፌር የላከውን ሌላው ሳያረጋግጥ እንዲሠራበት አድርጌያለሁ። አጎቴ ይህ ያሳስባቸዋል፤ እኔ ግን ሾፌር ያለ ምክንያት መንገድ ዝግ ነው የሚልበት አጋጣሚ እስካሁን አላየሁም።

ጳጉሜን 2 ቀን

ዛሬ ጠዋት ስምሪት አልወጣም። የትእዛዝ መቀበያ ቅጹ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚለውጠው እኔ በጻፍኩት ስሌት ሲሆን፣ ስሌቱ ዓመቱን በ12 ወር ብቻ ቆጥሮታል፤ በ13ኛው ወር የገቡት ትእዛዞች በሙሉ ቀን የሌላቸው ተብለው ተጣሉ። የበዓል ሰሞን በመሆኑ ዘይትና ዱቄት ከምንጊዜውም በላይ ይፈለጋል። አጎቴ ደብተራቸውን አወጡና ስድስቱንም መኪኖች በአርባ ደቂቃ ውስጥ አሰናበቷቸው። ከሰዓት በኋላ ስሌቱን አረምኩት፤ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በ2019 ስለሆነ ያንንም አሁኑኑ ፈትኜ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ።

የዕለቱን የአጎቴን ስምሪትና ስልተ ቀመሩ ቢሠራ ኖሮ ያወጣው የነበረውን ማታ ላይ አስተያየሁ። አምስቱ መኪኖች በተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። በስድስተኛው ላይ ስልተ ቀመሩ አንኮበርን ከጫጫ ጋር በአንድ ቀን ያያይዛቸው ነበር፤ አጎቴ ለያይተዋቸዋል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው አንኮበር ያለው ደንበኛ የበዓል እቃውን የሚረከበው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንጂ በማለዳ እንዳልሆነ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ የእኔ መዝገብ ያን ሱቅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው ይላል።

መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

በዕለታዊው የስምሪት ወረቀት ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ገብቷል፤ ሾፌሩ ከታቀደው ተራ ከወጣ ምክንያቱን በሁለት ሦስት ቃል ይጽፍበታል። ሳምንት ሳምንት አጎቴና እኔ አብረን እናነበዋለን፤ የተደጋገመው ወደ ሰንጠረዡ ይገባል። በዚህ ሳምንት ከተጻፉት ውስጥ ሦስቱ ስለ ሸዋ ሮቢት ናቸው፦ ወዛደሮቹ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ በሙቀቱ ምክንያት እስከ 10 ሰዓት ድረስ አያራግፉም። ይህ «መንዝ ይቅደም» ከሚለው የአጎቴ ልማድ ጋር ይጋጫል፤ መንዝን አስቀድሞ የሚወርድ መኪና በሁለተኛው ቀን ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዚያው የሙቀት ሰዓት ነው። ጣርማበር ላይ አድሮ በማለዳ የሚወርድበትን ስምሪት ለነገ ሌሊት አዘጋጅቻለሁ፤ አንጋፋው ሾፌራችን ራሳቸው ሊሞክሩት ተነሥተዋል፣ የመንዙ ጭነትም አሁን መኪናው በር ላይ ተደርድሯል።